«ሜስግ» ዘግቼ እንዴት መልእክት መጣብኝ?

ጥያቄው ስለተደጋገመ በአጭሩ ላስረዳ። አንድ የሊኑክስ ሰርቨር ላይ ብዙ ሰው ሲሠራ፣ አንዱ «ራይት» በሚባለው ትእዛዝ ሌላው ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ጽሑፍ መላክ ይችላል። ፋይል እያስተካከላችሁ ሳለ «ምሳ አንሄድም?» የሚል መስመር መሀል ላይ ጥልቅ ይላል። አትደንግጡ፣ የተዘበራረቀው ስክሪኑ እንጂ ፋይሉ አይደለም።

ይህን በር የሚከፍትና የሚዘጋው «ሜስግ» ነው፤ ሲጻፍ ኤም፣ ኢ፣ ኤስ፣ ጂ። ቀጥሎ «ዋይ» ካላችሁ ይከፈታል፣ «ኤን» ካላችሁ ይዘጋል። ብቻውን ከጻፋችሁት ክፍት ይሁን ዝግ ይነግራችኋል።

ብዙዎች የሚሸወዱት እዚህ ጋ ነው። የሚዘጋው ትእዛዙን የጻፋችሁበት ተርሚናል ብቻ ነው። ሁለት ከፍታችሁ አንዱን ብትዘጉ፣ የምሳው ጓደኛ በሌላው ይመጣል። ወጥታችሁ ስትገቡም የዘጋችሁት አይቆይም።

ሩት፣ ማለትም ሙሉ ሥልጣን ያለው የሰርቨሩ አስተዳዳሪ፣ ደግሞ ዘጋችሁም አልዘጋችሁም ይጽፍባችኋል። እኔ ይሄ አይከፋኝም፤ ሰርቨሩ ሊጠፋ ሲል ማን ይንገረን?

ስትገቡ በሩ ክፍት ይሁን ዝግ እንደየሲስተሙ ይለያያል። ሁሌም ዝግ እንዲሆን ከፈለጋችሁ ትእዛዙን ስትገቡ የሚነበበው የፕሮፋይል ፋይላችሁ ውስጥ ጨምሩት።