ኩላንት በቀለም አይመረጥም

«የኔ መኪና ቀይ ነው የሚወስደው ወይስ አረንጓዴ?» የሚለው ጥያቄ መቼም አያልቅም። ኩላንት ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ ነው፤ ቀለሙ ማቅለሚያ ብቻ ነው። ፍሳሽ ቢኖር በዓይን እንዲታይ ይረዳል፣ አምራቹም ምርቱን ይለይበታል። ሁሉም የሚገዛበት የቀለም ሕግ ግን የለም። ቶዮታ ሮዝ አለው፣ ቮልስዋገንም ሮዝ አለው፤ ውስጣቸው ግን አንድ አይደለም።

ልዩነቱ ያለው ዝገት በሚከላከለው ኬሚካል ላይ ነው። የማይስማሙ ኩላንቶች ሲቀላቀሉ መከላከያው ቶሎ ይደክማል። አንዳንዴም ዝቃጭ ሠርቶ ራዲያተሩን ይደፍናል።

ስለዚህ የመኪናውን መመሪያ ክፈቱና የተጻፈውን ዓይነት ከጠርሙሱ ጀርባ ጋር አስተያዩ። ለምሳሌ የብዙ ቶዮታዎች መመሪያ ሲሊኬት፣ አሚን፣ ናይትራይትና ቦሬት የሌለበት፣ ረጅም ጊዜ የሚያገለግል ኩላንት ይላል። ይህን የማያሟላ ከሆነ ሮዝም ቢሆን ይቅርባችሁ።

ያልተበረዘ ከገዛችሁ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ በግማሽ ከዲስቲልድ (ማዕድኑ ከወጣለት) ውሃ ጋር ይቀላቀላል። ተበርዞ የሚሸጠው ላይ ውሃ አይጨመርም። የቧንቧ ውሃ ማዕድኑ ውስጥ ይጋገራል።

«እኛ አገር በረዶ የለ፣ ውሃ ይበቃል» የሚሉም አሉ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ኩላንት የመፍያውን ነጥብ ከፍ ያደርጋል፤ ዝገቱንም ይከላከላል።

የመቀየሪያው ጊዜ እንደ ኩላንቱና እንደ መኪናው ይለያያል። ያገለገለ መኪና ገዝታችሁ ምን እንደተሞላበት ካላወቃችሁ፣ ከመገመት አሳጥቦ አዲስ ማስሞላት ይሻላል። የራዲያተሩን ክዳን ግን ሞተሩ ሳይበርድ እንዳትነኩት!