ዩሬትሮግራም ምንድን ነው?

ሽንት ሲቀጥን፣ ሲቆራረጥና አምጦ ካልሆነ አልወጣ ሲል አንዱ ምክንያት የሽንት መውጫ ቧንቧ በጠባሳ መጥበብ ነው። ሐኪሞች «ስትሪክቸር» ይሉታል። አደጋ፣ ኢንፌክሽን ወይም ካቴተር (ሽንት ለማስወጣት የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ሲገባ የደረሰ ጉዳት ያመጣዋል። በአብዛኛው የወንዶች ችግር ነው።

ቀዶ ሐኪሙ ቢላ ከማንሳቱ በፊት ሁለት ነገር ማወቅ አለበት፦ የጠበበው የት ነው? ርዝመቱስ ስንት ነው? ይህን የሚያሳየው ዩሬትሮግራም ነው። ተራ ኤክስሬይ ቧንቧውን ለይቶ አያሳይም። ስለዚህ አዮዲን ያለበት ፈሳሽ ከብልት ጫፍ በቀስታ ይገፋል። ፈሳሹ እየገባ ሳለ ኤክስሬይ ይነሳል።

ርዝመቱ ላይ ይህን ያህል መጨነቅ ለምን? ቀዶ ሕክምናው የሚወሰነው በእሱ ስለሆነ ነው። ከቆለጥ ከረጢት ጀርባ ባለው ክፍል ጠባሳው ከ2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ካነሰ ብዙ ጊዜ ተቆርጦ ይወጣል፤ ሁለቱ ጫፎችም ይገጣጠማሉ። ከረዘመ ግን ጫፎቹን ስቦ ማገናኘት ይከብዳል። ያኔ ከጉንጭ ውስጥ ስስ ሽፋን ተወስዶ ቧንቧው ይጣፋል። አዎ፣ ከአፍ!

ለዚህ ነው አተኛኘቱ ወሳኝ የሚሆነው። ታካሚው በጀርባው ቀጥ ብሎ ከተኛ የቧንቧው ጥምዝ ይሸሸጋል፤ ጠባሳውም ከእውነቱ ያጠረ ይመስላል። በትርን ከጫፉ በኩል እንደማየት ነው። ስለዚህ ገደድ ብሎ፣ የታችኛውን እግር አጥፎ ይተኛል። ለታካሚው ምክንያቱን ቀድሞ መንገር ብዙ ጭንቀት ያቀልለታል ብዬ አምናለሁ።

አንድ ፎቶ ሁልጊዜ አይበቃም። ፈሳሹ ከጠባቡ ቦታ ወዲያ በደንብ ላያልፍ ይችላል። ስለዚህ ፊኛው ተሞልቶ፣ ሰውየው ሲሸና ሌላ ፎቶ ይነሳል። ቧንቧው ጭራሽ ተዘግቶ በሆድ በኩል ቱቦ የገባለት ከሆነ ደግሞ ፈሳሹ ከላይም ከታችም ይሰጣል። በመሃል የሚቀረው ክፍተት የመዘጋቱ ርዝመት ነው።

ካቴተር በቅርቡ ከወጣ ሐኪሙ ሳምንታት እንጠብቅ ሊል ይችላል። ካቴተሩ የወጠረው ጠባሳ ጤነኛ መስሎ ያታልላልና። ሽንትም ቀድሞ ይመረመራል፤ ኢንፌክሽን እያለ ፈሳሽ ቢገፋ ጀርሙ ወደ ደም ሊገባ ይችላል። ከምርመራው በኋላ ትንሽ ማቃጠል ያለ ነው። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ነው።