ስለ አሜሪካ ገጠር የምናስበው እና እውነታው

ዘመድ ከአሜሪካ ፎቶ ሲልክ ከዋሽንግተን፣ ከዳላስ ወይም ከሚኒያፖሊስ ነው። ገጠሩን የምናውቀው በካውቦይ ፊልም ነው። ለዚህም ይመስለኛል ብዙ ነገር ተዛብቶ የደረሰን። (ከታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።)

«ትንንሾቹ ከተሞች ከመንደር ቀስ በቀስ ያደጉ ናቸው»

እኛ አገር ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም ጦር ሰፈር ባለበት ከተማ ይቆረቆራል። እንደ ነብራስካና ካንሳስ ባሉ ሜዳማ ግዛቶች ግን ብዙ ጊዜ ሐዲዱ ይቀድም፣ ሰው ይከተል ነበር። የባቡር ኩባንያው ካርታ ላይ ነጥብ ያደርጋል፣ ቦታውን ሸንሽኖ ይሸጣል፣ አለቀ። በነጥቦቹ መካከል ያለው ርቀት ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ገበሬው እህሉን በጋሪ አምጥቶ፣ ሸጦ፣ ሳይመሽበት ቤቱ መግባት አለበት። የእንፋሎት ባቡሩም በየመንገዱ ውሃ ይፈልጋል።

ስሙም ቢሮ ውስጥ ነው የወጣው። የበርሊንግተን ባቡር ኩባንያ ከነብራስካ ዋና ከተማ ከሊንከን ወደ ምዕራብ ሲዘልቅ ጣቢያዎቹን በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ሰየማቸው፦ ክሪት፣ ዶርቼስተር፣ ኤክሰተር፣ ፌርሞንት፣ ግራፍተን፣ ሃርቫርድ እያለ ይቀጥላል። ነብራስካ ውስጥ ሃርቫርድ የሚል ታፔላ ካያችሁ ዩኒቨርሲቲ አትፈልጉ፤ ተራው የኤች ስለነበር ነው። የእነዚህ ከተሞች መልክም ተመሳሳይ ነው። ከሐዲዱ ጎን ከሩቅ የሚታይ ረጅም የእህል ጎተራ፣ አንድ ሰፊ ዋና መንገድ፣ ሁለት ሦስት ቤተ ክርስቲያን።

«ገበሬው መንደር ውስጥ ተሰባስቦ ይኖራል»

የ1862ቱ የመሬት ሕግ ለአንድ አመልካች 160 ኤከር ይሰጥ ነበር። ይህ 65 ሄክታር ገደማ ነው፤ በድሮው አነጋገር አንድ ጋሻ ተኩል ያልፋል። ግን 5 ዓመት እዚያው መሬት ላይ ቤት ሠርቶ መኖርና ማረስ ግዴታ ነው። የመሬቱ አንድ ጎን 800 ሜትር ስለሆነ ጎረቤት ቡና መጥራት ቀላል አልነበረም። ከ100ኛው ኬንትሮስ (ነብራስካንና ካንሳስን ከሰሜን ወደ ደቡብ ከሚያቋርጠው የካርታ መስመር) በስተምዕራብ ደግሞ ዝናቡ ስለሚያንስ ያ ሁሉ መሬት አንድ ቤተሰብ አልመግብ ብሎ ብዙዎች ጥለው ሄደዋል።

«መሬቱ ባዶ ነበር»

አልነበረም። ለምሳሌ ነብራስካ ፖኒ የሚባለው ነባር ሕዝብ አገር ነበረች። በ1870ዎቹ ነው ተገፍተው ዛሬ ኦክላሆማ ወደሚባለው የሄዱት።

«የገጠር ሰው ሁሉ ገበሬ ነው»

ከገጠሩ ሥራ ውስጥ ግብርና አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ሌላው በትምህርት ቤት፣ በሆስፒታል፣ በፋብሪካና በመንግሥት ቢሮ ነው የሚሠራው። ማሽኑ እየበዛ፣ እርሻው እየሰፋ፣ ገበሬው እያነሰ ሲሄድ ተማሪም ይቀንሳል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ከተማ አንድ ትምህርት ቤት ይጋራል።

«ገጠሩ የነጮች ብቻ ነው»

ይኼ ደግሞ ከሁሉም የባሰው ነው። ካንሳስ ውስጥ ኒቆዲሞስ የምትባል መንደር አለች። በ1877 ከኬንታኪ የመጡ፣ ከባርነት ነፃ የወጡ ጥቁሮች መሠረቷት። እንጨት ስላልነበረ መሬት ቆፍረው ገቡ። የመጀመሪያውን ክረምት ኦሴጅ ከሚባለው ነባር ሕዝብ የሆኑ አዳኞች ሥጋ አካፍለዋቸው ነው ያለፉት። ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ሱቅ፣ ጋዜጣ ሳይቀር ነበራቸው። በ1888 ግን ባቡሩ በሌላ በኩል አለፈ፤ ነጋዴውም ሐዲዱን ተከትሎ ወጣ። መንደሯ ከ1996 ጀምሮ በብሔራዊ ቅርስነት ትጠበቃለች።

የዛሬውም ገጠር ቢሆን ያው ነው። እዚያው ካንሳስ ጋርደን ሲቲ አጠገብ በ1980 ትልቅ ቄራ ሲከፈት ቬትናሞች፣ ሜክሲኮዎች፣ በኋላም ሶማሌዎች መጡ። ሚኒሶታ ውስጥ በአሳማ ሥጋ ፋብሪካዋ የምትታወቀው ኦስቲን ደግሞ ከጋምቤላ የሄዱ አኙዋኮች ኑሯቸውን የመሠረቱባት ከተማ ናት።