ፋን አርት፦ አድናቂ ሲስል

ፋን አርት አድናቂዎች ከሚወዱት ፊልም፣ መጽሐፍ፣ ጌም ወይም አኒሜ ተነስተው የሚሠሩት ሥዕል ነው። ቃሉ ድሮ ሰፋ ያለ ነበር። በሳይንሳዊ ልብ ወለድ አፍቃሪዎች ዘንድ አድናቂ የሳለው ሁሉ፣ ከራሱ ምናብ ያፈለቀውም ጭምር፣ ፋን አርት ይባል ነበር። ለሳይንሳዊ ልብ ወለድ ሥራዎች የሚሰጠው የሁጎ ሽልማት እ.ኤ.አ. በ1967 ለምርጥ አድናቂ ሠዓሊ መስጠት ሲጀምር አሸናፊው ጃክ ጎጋን ነበር። የሚገርመው፣ በዚያው ዓመት የባለሙያዎቹንም ሽልማት የወሰደው እሱው ነው። አማተርና ባለሙያ የሚለው ድንበር ያኔም ላላ ያለ ነበር።

ሥዕሎቹ ቀድሞ የሚዞሩት አድናቂዎች ራሳቸው አባዝተው በሚያሰራጯቸው መጽሔቶች፣ በፋንዚኖች፣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 ቶኪዮ ላይ ኮሚኬት የተባለው የአድናቂዎች ኅትመት ገበያ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2000 ዴቪያንትአርት፣ በ2007 ደግሞ ፒክሲቭ የተባሉት የሥዕል ማጋሪያ ድረ ገጾች መጡና ሥዕሉ ወደ ስክሪን ገባ።

ግን ሰው ለምን የሌላ ሰው ገጸ ባሕርይ ይስላል? እንደ እኔ ፋን አርት ከሥዕልነቱ ይልቅ ንባብነቱ ያመዝናል። ደራሲው የጀግናዋን ፊት ሳይገልጽ ካለፈ አሥር ሠዓሊ አሥር ፊት ይሰጣታል። ከዚያ አንዱ ይወደድና ሌሎቹም እሱን መሳል ይጀምራሉ። ደራሲው ያላለው፣ ማኅበረሰቡ ግን የተቀበለው እንዲህ ያለ ነገር ፋኖን ይባላል። ሁለት ገጸ ባሕርያትን በፍቅር ማጣመር፣ ማለትም ሺፒንግ፣ ደግሞ ራሱን የቻለ ክርክር ነው። እጅ ለእጅ የተያያዙበት አንድ ሥዕል ከረጅም ጽሑፍ በላይ ያጨቃጭቃል።

ፋን አርት ስጦታም ነው። ተረቱን በራሷ መንገድ በጽሑፍ ለቀጠለች አድናቂ ከአንባቢዎቿ አንዱ ትዕይንቱን ስሎ ይልክላታል። ክፍያው ከልብ የተጻፈ አስተያየት ነው።

ገንዘብ ሲገባ ነገሩ ይወሳሰባል። በትዕዛዝ መሳልና ኅትመት መሸጥ የተለመደ ነው። የአድናቂ ድርሰት የሚሸጥ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ከራሱ ማኅበረሰብ ወቀሳ ይገጥመዋል። ለምን ሥዕል ተፈቅዶ ድርሰት ተነወረ? በሕግ ዓይን ሁለቱም የሌላ ሰው ሥራ ተዋጽኦ ናቸው። የመብት ባለቤቶች ብዙውን ጊዜ እንዳላዩ ያልፋሉ፤ ነፃ ማስታወቂያ ማን ይጠላል?

ሠዓሊውን ይበልጥ የሚያንገበግበው ሥዕሉን ያለ ስሙ ሲያጋሩበት ነው። ፊርማው ጥግ ላይ ከሆነ ቆርጠው ይጥሉታል። ስለዚህ አንዳንዱ ፊርማውን በገጸ ባሕርይው ልብስ እጥፋት ውስጥ ይሸጉጠዋል። እሱን የቆረጠ ገጸ ባሕርይውንም ይቆርጣል።