«እውነተኛ ታሪክ ነው?» እያላችሁ ፍላሽ ለምታመጡልኝ

ደብረ ማርቆስ፣ መናኸሪያው አካባቢ ፊልም እየጫንኩ ነው የምኖረው። ስምንት ዓመት ሆነኝ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ያሰለቸኝ ቫይረስ የሞላበት ፍላሽ አይደለም። «እውነተኛ ታሪክ የሆነ የቦክስ ፊልም አለህ?» የሚለው ነው። ጥያቄው እንኳ ምንም አልነበረም፤ ጣጣው የሚመጣው በማግስቱ ነው። ሰውየው ተመልሶ ይመጣና ያየውን ሁሉ ሪንጉ ዳር ወንበር ይዞ እንደተመለከተ ሰው ይተርክልኛል። ተው ስለው ደግሞ «መጀመሪያው ላይ ተጽፏል እኮ!» ይለኛል።

አዎ፣ ተጽፏል። የተጻፈው ግን «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» የሚል ነው። መሠረትና ቤት አንድ ነው እንዴ? መሠረቱ ድንጋይ ሆኖ ከላይ ያለው ጭቃ የሆነ ስንት ቤት አለ።

ዛሬ የማነሳው ሁላችሁም የምትጠይቁኝን «ሲንደሬላ ማን»ን ነው። ሮን ሃዋርድ በ2005 እ.ኤ.አ. የሠራው፣ ራስል ክሮው ጄምስ ብራዶክን ሆኖ የተጫወተበት። ላላያችሁት፦ ብራዶክ ጥሩ ቦክሰኛ ነበር፣ እጁ ተሰበረ፣ ወደቀ። በዚያ ላይ የአሜሪካ ኢኮኖሚ ተንኮታኮተ። ወደብ ላይ ኩሊ ሆኖ እየሠራ፣ የመንግሥት ድጎማ ተሰልፎ እየተቀበለ ኖረ። ከዚያ ባልታሰበ ዕድል ወደ ሪንግ ተመለሰና በዓመቱ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮኑን ማክስ ቤርን ገጠመ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። «ማክስ ቤር አውሬ ነው፣ ሰው መግደል የሚያስደስተው ነፍሰ ገዳይ ነው።» ይህንን ስንቴ እንደሰማሁት አልነግራችሁም። አንድ ደንበኛዬ በሰፈሩ የሚናከሰውን ውሻ «ቤር» ብሎ ጠርቶታል።

ስሙኝ። ቤር ፍራንኪ ካምቤል የሚባል ቦክሰኛን በኦገስት 1930 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ገጥሞ መትቶታል፣ ካምቤልም በማግስቱ ሞቷል። ይሄ እውነት ነው። ፊልሙ የማይነግራችሁ ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ቤር በዚያ ሞት ክፉኛ ተሰብሯል፤ ለረጅም ጊዜ ሌሊት ያባንነው እንደነበርና ለሟች ቤተሰብ ገንዘብ ይሰጥ እንደነበር በሰፊው ይነገራል። ፊልሙ ሁለተኛ ሟችም ይጨምርበታል፣ ኤርኒ ሻፍ የሚባለውን ቦክሰኛ። ሻፍ የሞተው ግን በ1933 ከሌላ ቦክሰኛ፣ ከፕሪሞ ካርኔራ ጋር ከተጋጠመ በኋላ ነው። ከቤር ጋር ከተገናኘ ከአምስት ወር በላይ አልፎት፣ በመካከሉም ሌሎች ግጥሚያዎች አድርጎ። ያኔም ቢሆን የቤር ቡጢ ነው የጎዳው የሚሉ ነበሩ። ግን ሐሜትን ወስዶ ፍርድ አድርጎ ማቅረብ ሌላ ነገር ነው።

ፊልሙ ላይ ቤር ምግብ ቤት ውስጥ የብራዶክን ሚስት እያሽሟጠጠ ሲናገራትና እሷ የያዘችውን መጠጥ ፊቱ ላይ ስትደፋበት ሱቄ ውስጥ ጭብጨባ ነው። እኔም አጨብጭቤያለሁ፣ አልዋሽም። እውነተኛው ቤር ግን ቀልደኛ ነበር። የሚስቅ፣ የሚያስቅ፣ ሴትና ጭፈራ የሚወድ፣ ሆሊውድ ገብቶ ፊልም የሠራ ሰው ነው። በ1933 የጀርመኑን ማክስ ሽሜሊንግን ሲገጥም ቁምጣው ላይ የዳዊት ኮከብ አድርጎ ገብቷል። ሂትለር ሥልጣን በያዘበት ዓመት መሆኑን ልብ በሉልኝ! ለብዙ አይሁዶች ትልቅ ነገር ነበር። ፊልሙ ስለዚህ አይነግራችሁም፣ ምክንያቱም ይህን ከነገራችሁ ቤርን መጥላት ይከብዳችኋል። ልጁ፣ እሱም ተዋናይ ነው፣ ፊልሙ ሲወጣ አባቴን አበላሻችሁት ብሎ በአደባባይ ተቆጥቷል። እኔ ብሆንም እቆጣለሁ።

ለምን እንዲህ ተደረገ? ድህነት ፊት የለውማ። ብራዶክን የጣለው ረሃብ ነው፣ ረሃብን ደግሞ ሪንግ ላይ አውጥተህ በቡጢ አትመታውም። ስለዚህ ለረሃቡ ፊት ሰጡት፣ የቤርን። እኛ ጎጃሞች ለዚህ እንግዳ አይደለንም። የአባ ኮስትር በላይን ጀብዱ ቆላ የሚነግራችሁና ደጋ የሚነግራችሁ ሰው አንድ ዓይነት አያወሩም። ፉከራ መሃል ገብቶ «ቆይ፣ ስንት ነበሩ?» ብሎ የሚቆጥር ደግሞ የለም። ፉከራ ነዋ። ፊልሙም ፉከራ ነው፣ ፉከራነቱን እያወቃችሁ እዩት ነው የምለው።

ደግሞ እንዲህ ስላቸው «አሃ፣ እንግዲያው ሁሉም ውሸት ነው!» የሚሉ አሉ። እነዚህ ከመጀመሪያዎቹ ይብሳሉ። ብራዶክ የወሰደውን የድጎማ ገንዘብ ኋላ ሲያገኝ መልሷል። አስር ለአንድ ተወራርደውበት ማሸነፉም እውነት ነው። ቀኝ እጁ እየተሰበረ ሲያስቸግረው ወደብ ላይ በግራው ስለሠራ ግራው ጠነከረ የሚባለውም በፊልም ሰዎች የተፈጠረ አይደለም፣ ከድሮ ጀምሮ የሚነገር ነው።

የፊልሙ ጉልበት ያለውም እዚያ፣ ቤት ውስጥ ነው። ጠዋት ነው፣ ጨለማ ነው። እናትየው ወተት እንዲበረክት ውኃ ትጨምርበታለች። ትንሿ ልጅ የደረሳትን ቁራጭ ሥጋ በልታ አልጠገበችም። አባትየው ሌሊት በሕልሜ ትልቅ ግብዣ ላይ ስበላ አድሬ ጠግቤያለሁ ብሎ የራሱን ቁራጭ ይሰጣትና በባዶ ሆዱ ሥራ ፍለጋ ይወጣል። ይሄን ትዕይንት ደጋግሜ አይቼዋለሁ፣ ያደግኩት እናቴ «እኔ ቅድም በልቻለሁ» ስትል እየሰማሁ ነው። ከቦክሱ ሁሉ እሱን እመርጣለሁ።

«ብራዶክ ቤርን በዝረራ ጣለው።» አልጣለውም! ጁን 13 ቀን 1935፣ ኒው ዮርክ፣ 15 ዙር፣ በነጥብ። ይሄ ወሬ ማርቆስ ውስጥ ከየት እንደተነሳ እኔ አውቃለሁ፣ ከእኔው ሱቅ ነው። አንድ ማታ ፊልሙን ስክሪን ላይ ከፍቼው በር ላይ ሳይቀር ሰው ቆሞ ሲያይ መጨረሻው ዙር ሊጀመር ሲል መብራት ሄደ። ሁሉም እየተራገመ ተበተነ። አንዱ ባጃጅ ነጂ ታዲያ በቀጥታ ጠላ ቤት ሄዶ ያላየውን ጨርሶ አወራው። በነጋታው «ያን የመሰለ ዝረራ!» እያሉ የሚመጡ ሰዎች ነበሩ፣ መብራት በሄደበት ሰዓት አጠገቤ ቆመው የነበሩ ሰዎች!

ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። «ሮኪ» ፊልም ላይ ያለው ሮኪ ባልቦአ በእውን የነበረ ቦክሰኛ አይደለም፤ ቸክ ዌፕነር በ1975 መሐመድ አሊን ገጥሞ እስከ 15ኛው ዙር መቆየቱ ነው ሐሳቡን የሰጠው። ዊል ስሚዝ አሊን ሆኖ የሠራበት ፊልም ላይ «ኪንሻሳ» እያላችሁ የምታዩት ሞዛምቢክ ነው፣ ማፑቶ። ዴንዘል ዋሽንግተን የሠራበት የቦክሰኛው ሩቢን ካርተር ፊልም ላይ ደግሞ ካርተር በ1964 ከጆይ ጃርዴሎ ጋር ያደረገው ግጥሚያ በዘረኛ ዳኞች የተነጠቀ ተደርጎ ቀርቧል። ጃርዴሎ በሕይወት ነበረና ፊልም ሠሪዎቹን ከሰሳቸው፣ በስምምነት አለቀ። የሞቱት ናቸው መክሰስ የማይችሉት።

«የቦክስ ፊልም ብዙ ያየ ቦክስ ያውቃል» ለሚሉት ደግሞ የራሴን ልንገራቸው። ልጅ ሆኜ ሦስት ወር ቡጢ ተምሬያለሁ። ፊልም ጠግቤ ስለነበር የመጀመሪያ ቀን ጓንት አድርጌ ስገባ እየተወረወርኩ ነው። ሰላሳ ሰከንድ ያህል ጀግና ነበርኩ። ከዚያ ክንዴ እንደ እርጥብ ጋቢ ከበደኝ፣ ወደ ታች ወረደ፣ ልጁም ያለ ችኮላ አፍንጫዬን አገኘው። ፊልም ላይ ሁሉም ቡጢ ያርፋል፣ መከላከል የሚባል የለም። እውነተኛው ቦክስ ላይ አብዛኛው ቡጢ አየር ነው የሚመታው፣ ሲደክማቸው ይተቃቀፋሉ፣ ዳኛው ያላቅቃቸዋል። ስለዚህ ቀጥሎ የቦክስ ፊልም ስታዩ እጁን ተዉትና እግሩን እዩ። ቡጢ ሲመጣ ጭንቅላቱን የሚያንቀሳቅስ አለ ወይ? ከዚያ ዩቲዩብ ላይ እውነተኛውን ግጥሚያ ፈልጉ፣ አብዛኛው አለ። ዳታ ይበላል የሚል ሰበብ አልሰማም፣ ለቲክቶክ ሲሆን አይበላም? እኔ ጋ ከመጣችሁም ከፊልሙ ጋር አብሬ እጭንላችኋለሁ፣ ሳንቲም አልጨምርም።

ባለፈው አንድ ጡረታ የወጡ መምህር መጡ። ፊልሙን ሁለቴ አይተውታል፣ ቤርን አምርረው ነው የሚጠሉት። «ጋሼ፣ እስቲ ይቀመጡ» አልኩና የ1935ቱን ጥቁርና ነጭ ፊልም ከፈትኩላቸው። መነጽራቸውን አውጥተው ጠረጉና ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። ቤር ሪንጉ ላይ ያሾፋል፣ እንደ ሕፃን ይጫወታል።

«አንተ ልጅ» አሉኝ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ፣ «ይሄ ሰውዬ ይቀልዳል እንዴ?»

«አዎ ጋሼ።»

«መልሰህ አጫውተው እስቲ።»