ገባ ማለት ሠራ ማለት አይደለም፦ ስለ ኮምፒውተር ዕቃዎችና መሰኪያዎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የኮምፒውተር ኬዝ ከፍተው ዕቃ በሚቀይሩ ሰዎች ዘንድ አንድ እምነት ሥር ሰድዷል፦ መሰኪያው ከገባ ቦታው ነው፣ ካልገባ አይደለም። እምነቱ እንዲሁ የመጣ አይደለም። እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከፓወር ሰፕላይ (የግድግዳውን መብራት ለኮምፒውተሩ ከሚቀይረው ሳጥን) ወደ ማዘርቦርድ (ዕቃዎቹ ሁሉ ወደሚሰኩበት ዋና ቦርድ) ኃይል የሚያደርሱት ጎን ለጎን የሚሰኩ ሁለት ተመሳሳይ መሰኪያዎች ነበሩ። ቦታ ከተለዋወጡ ቦርዱ ሊቃጠል ይችላል፤ ስለዚህ ጠንቃቃ ጠጋኝ የሁለቱም ጥቁር ሽቦዎች መሐል ላይ ጎን ለጎን መዋላቸውን ሳያይ አያበራም ነበር። ኢንቴል በ1995 ያወጣው ኤቲኤክስ የተባለው ደረጃ ሁለቱን በአንድ ባለ 20 ፒን (የብረት እግር) መሰኪያ ተካቸው፤ በኋላ 24 ፒን ሆነ። ይህኛው ተገልብጦ አይገባም። ከዚያ ወዲህ ቅርጹ ራሱ ከስህተት ይጠብቀናል ብለን አመንን። ብዙ ጊዜ ይጠብቃል። የማይጠብቅባቸው ቦታዎች ግን ዕቃ ያስከፍላሉ፤ አንዳንዴም የዓመታት ፎቶና ሰነድ ያለበትን ሃርድ ዲስክ ይዘው ይሄዳሉ።

«የፓወር ሰፕላይ ገመድ ሁሉ አንድ ነው»

ከሁሉም አስቀድሜ ይህ እንዲታረም የምፈልገው ጉዳቱ ስለማይመለስ ነው። ሞዱላር የሚባሉት ፓወር ሰፕላዮች ገመዳቸው በሁለቱም ጫፍ ይነቀላል። ወደ ሃርድ ዲስኩ ወይም ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄደው ጫፍ ደረጃ የወጣለት ነው፤ የትኛውም ኩባንያ ቢሠራው አንድ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ላይ የሚሰካው ጫፍ ግን ምንም የጋራ ደረጃ የለውም። አንዱ አምራች 12 ቮልት ባደረገበት ፒን ላይ ሌላው 5 ቮልት ወይም ግራውንድ (የኃይሉ መመለሻ መስመር) ያደርጋል፤ የአንድ ኩባንያ ሁለት ሞዴሎች እንኳ ሊለያዩ ይችላሉ። ፕላስቲኩ ግን ተመሳሳይ ስለሆነ ገመዱ ጥርቅም ብሎ ይገባል። ከዚያ መብራቱ ሲበራ 5 ቮልት የሚጠብቀው ዲስክ 12 ቮልት ይደርሰዋል፤ በዚያው ቅጽበት ያበቃል።

ስለዚህ ፓወር ሰፕላይ ሲቀየር ገመዶቹም አብረው ይቀየራሉ። «አሮጌዎቹ በኬዙ ውስጥ በደንብ ተደራጅተዋል፣ ልተዋቸው» ማለት አያዋጣም። ያገለገለ ፓወር ሰፕላይ የሚገዛ ሰው የራሱን ገመዶች ካላገኘ ባይገዛው ይሻላል። የተቀላቀለ ገመድ በእጁ ያለ ሰው ደግሞ ሃርድ ዲስክ ላይ ከመሰካቱ በፊት በመልቲሜትር ይለካ፦ ሳታ በሚባለው የሃርድ ዲስክ ኃይል መሰኪያ ላይ 5 እና 12 ቮልት፣ ካለም 3.3 ቮልት፣ በየቦታቸው መገኘት አለባቸው። ሽቦዎቹ ቀለም ካላቸው ብርቱካናማው 3.3፣ ቀዩ 5፣ ቢጫው 12 ነው፤ ጥቁሩ ግራውንድ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ አደጋ አለ። ለፕሮሰሰር የሚሄደውና ለግራፊክስ ካርድ የሚሄደው መሰኪያ ሁለቱም 8 ፒን ናቸው። የፕሮሰሰሩ አራት 12 ቮልትና አራት ግራውንድ አለው፤ የግራፊክስ ካርዱ ሦስት 12 ቮልትና አምስት ግራውንድ። አሠላለፋቸውም የተለያየ ነው። የቀዳዳዎቹ ቅርጽ ቢለያይም ፕላስቲኩ ለስላሳ ስለሆነ ለጉልበተኛ እጅ ይሸነፋል። መሰኪያ ሲያስቸግር መግፋት ትቶ ጫፉ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ነው።

«የቢሮ ዴስክቶፕ ፓወር ሰፕላይ ሲቃጠል ከገበያ ሌላ ገዝቶ መግጠም ነው»

ከውጭ ቢሮዎች ወጥተው ወደ አገራችን የሚገቡት ያገለገሉ ዴስክቶፖች ብዙዎቹ ጠንካራና ዋጋቸው የሚያዋጣ ናቸው። ነገር ግን ሁሉም የኤቲኤክስን ደረጃ አይከተሉም። ለምሳሌ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ዋና የኃይል መሰኪያ 24 ፒን ሳይሆን 8 ፒን ነው። ስለዚህ ተራው ፓወር ሰፕላይ በቀጥታ አይገጥምለትም፤ ለዚያው ሞዴል የተሠራ መቀየሪያ ገመድ ወይም የራሱ ፓወር ሰፕላይ ያስፈልገዋል። ከመግዛት በፊት የማሽኑን ሙሉ ሞዴል ቁጥር ይዞ መሄድ ከብዙ ምልልስ ያድናል።

አሜሪካ ያለ ዘመድ ዴስክቶፕ ሲልክ ደግሞ ከኋላ የምትታይ ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለች፤ 115 ወይም 230 ይላል። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት አካባቢ ስለሆነ ማሽኑ ሲመጣ 115 ላይ ነው። የእኛ 220 ነው። ሳይቀየር ከተሰካ ይፈነዳል፤ ምክንያቱም 115 ላይ ሲሆን የመግቢያው ሰርኪዩት ቮልቴጁን በእጥፍ ያሳድገዋል፣ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ዕቃዎች) ደግሞ የ220ን እጥፍ አይችሉም። ከ100 እስከ 240 የሚል ጽሑፍ ያለባቸውና ማብሪያ የሌላቸው አዳዲሶቹ ይህ ስጋት የለባቸውም።

«750 ዋት ፓወር ሰፕላይ 750 ዋት ይበላል»

አይበላም። ቁጥሩ ሊሰጥ የሚችለው ከፍተኛው መጠን ነው። ኮምፒውተሩ 120 ዋት ከፈለገ ፓወር ሰፕላዩ ከግድግዳው የሚስበው ያንኑና በሙቀት የሚባክነውን ጥቂት ጭማሪ ብቻ ነው።

«ዩኤስቢ ሲ ከሆነ ፈጣን ነው»

ዩኤስቢ ሲ የመሰኪያው ቅርጽ ነው፤ ስለ ፍጥነቱ የሚነግረን የለም። በዚያች ጠፍጣፋ ቀዳዳ ውስጥ በሴኮንድ 480 ሜጋቢት ብቻ ሊያልፍ ይችላል፣ 40 ጊጋቢትም ሊያልፍ ይችላል። በ2023 የወጣው አይፎን 15 ዩኤስቢ ሲ አለው፣ ፍጥነቱ ግን ያው 480 ሜጋቢት ነው፤ በዚያው ዓመት የወጣው አይፎን 15 ፕሮ 10 ጊጋቢት ይደርሳል። ቀዳዳው በዓይን ሲታይ ልዩነት የለውም። የአውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 2024 መጨረሻ ጀምሮ አዳዲስ ስልኮች በዚህ መሰኪያ ቻርጅ እንዲሆኑ ማስገደዱ የቻርጀር ክምርን ለመቀነስ ጠቅሟል፤ ፍጥነትን ግን አንድ አላደረገም።

ገመዱም እንዲሁ ነው። ለስልክ ቻርጅ የመጣ ገመድ ብዙ ጊዜ ፋይል የሚያስተላልፈው በዝግታ ነው፣ ምስል ወደ ስክሪን አይወስድም። ላፕቶፕ ላይ ያለው ዩኤስቢ ሲ ሁሉ ስክሪን ያበራል ማለትም አይደለም። ከመግዛት በፊት የሞዴሉን ዝርዝር ማየት ግድ ነው።

«ኤም ዶት ቱ ኤስኤስዲ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው»

ማስቲካ የሚመስለው ስስ ኤስኤስዲ (የፋይል ማስቀመጫ) ብዙውን ጊዜ 22 ሚሊሜትር ስፋትና 80 ሚሊሜትር ርዝመት አለው። በዚህ አንድ መጠን ውስጥ ግን ሁለት ዓይነት ይኖራል። በሳታ፣ ማለትም በተለመደው የሃርድ ዲስክ መስመር፣ የሚሠራው በሴኮንድ 550 ሜጋባይት አካባቢ ላይ ይቆማል። ኤንቪኤምኢ የሚባለው በሦስተኛው ትውልድ ፒሲአይ ኤክስፕረስ (ፈጣኑ የማዘርቦርድ መስመር) 3,500 ገደማ፣ በአራተኛው 7,000 ገደማ ይደርሳል። አንዳንድ ላፕቶፖች አንዱን ብቻ ያነባሉ፤ ሌላው ይገባል፣ አይታይም። ሱቅ ውስጥ «ኤም ዶት ቱ ስጠኝ» ብሎ መግዛት የሚያጣላው ለዚህ ነው።

በዴስክቶፕ ላይ ደግሞ ብዙዎችን የሚያስደነግጥ ነገር አለ። አንዳንድ ማዘርቦርዶች ኤም ዶት ቱ ሲገባላቸው ከሳታ ቀዳዳዎች አንዱን ወይም ሁለቱን ያጠፋሉ፤ የግንኙነት መስመሩን ይጋራሉና። አዲሱ ኤስኤስዲ ሠርቶ አሮጌው ሃርድ ዲስክ የጠፋበት ሰው «ሞተ» ብሎ ከመጣሉ በፊት የሳታውን ገመድ ወደ ሌላ ቀዳዳ ይቀይር።

«ሶኬቱ አንድ ከሆነ ፕሮሰሰሩ ይሠራል»

የኢንቴል ኤልጂኤ 1151 ሶኬት (የፕሮሰሰሩ መቀመጫ) ይህን በግልጽ ያፈርሰዋል። ስድስተኛውና ሰባተኛው ትውልድ ፕሮሰሰሮች በዚህ ሶኬት ወጡ። በ2017 ስምንተኛው ሲመጣም የሶኬቱ ስምና የፒኖቹ ብዛት አልተለወጠም፤ ኢንቴል ግን ባለ 300 ተከታታይ ቺፕሴት (የቦርዱ ተቆጣጣሪ ቺፕ) ያለው አዲስ ማዘርቦርድ እንዲሆንለት አደረገ። ስለዚህ የቀድሞው የዜድ 270 ቺፕሴት ቦርድ ያለው ሰው ስምንተኛ ትውልድ ገዝቶ ቢያስገባ ይገጥምለታል፣ ኮምፒውተሩ ግን አይነሣም። ፕሮሰሰር ሲገዛ የማዘርቦርዱ አምራች በድረ ገጹ ያስቀመጠው የሚቀበላቸው ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ነው ዳኛው፤ የሚያስፈልገው የባዮስ (ማዘርቦርዱን የሚያስነሣው ፕሮግራም) ቁጥርም እዚያው ይጻፋል።

«የተለያየ ብራንድ ራም አይቀላቀልም»

እዚህ ላይ ፍርሃቱ ከአደጋው ይበልጣል። የራም ትውልዶቹ ዲዲአር 3፣ ዲዲአር 4 እና ዲዲአር 5 የተቆረጡበት ቦታ ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ስሎት አይገባም፤ ቅርጹ በትክክል ይጠብቃል። በአንድ ትውልድ ውስጥ ግን ሁለት ብራንድ አብሮ ሊሠራ ይችላል፤ ፍጥነታቸው ከተለያየ ብዙውን ጊዜ ሁለቱም በቀርፋፋው ይሄዳሉ። አንዳንዴ አልስማማ ይላሉ፤ ቢሆንም አይቃጠሉም።

«ሰዓቱ የተዛባ ኮምፒውተር ቫይረስ አለበት»

በተነሣ ቁጥር ቀኑ ወደ ድሮ የሚመለስና ድረ ገጾችን «ደኅንነቱ የተጠበቀ አይደለም» እያለ የሚከለክል ዴስክቶፕ፣ ብዙ ጊዜ ያለቀበት ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 ባትሪ ናት። 3 ቮልት ያላት ይህች ክብ ባትሪ ኮምፒውተሩ ከመብራት ሲነቀል ሰዓቱን ታስኬዳለች። ቀኑ ሲዛባ የድረ ገጾቹ የምስክር ወረቀት ጊዜው ያልደረሰ ወይም ያለፈበት ይመስላል፣ ብሮውዘሩም እምቢ ይላል። ዊንዶውስ እንደ አዲስ መጫን ምንም አይፈይድም፤ ባትሪዋን መቀየር ብቻ ነው።

«ግራፊክስ ካርድ ካስገባሁ ስክሪኑ በራሱ ይጠቀምበታል»

የስክሪኑ ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ባለው ኤችዲኤምአይ እንደተሰካ ከቀረ፣ ምስሉን ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ደካማ ግራፊክስ ነው፤ በውድ የተገዛው ካርድ ያለ ሥራ ይቀመጣል። በሞዴል ቁጥራቸው መጨረሻ ላይ ኤፍ ያለባቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ደግሞ የራሳቸው ግራፊክስ ስለሌላቸው በዚያ ቀዳዳ ስክሪኑ ጨርሶ አይበራም። ገመዱ ከታች፣ ካርዱ ራሱ ላይ ባለው ቀዳዳ ይሰካ።