የጃፓን ፈረስ ግልቢያ ዘፈኖች፦ ከቴሌቪዥን ማስታወቂያ እስከ ውድድር ሜዳ

የፈረስ ግልቢያ ውድድር ጃፓን ውስጥ ቁማር ነው፤ ይሄን መጀመሪያ መናገር ይሻላል። ሰው ሜዳ የሚሄደው ትኬት ቆርጦ ለመወራረድ ነው። ትንሹ መደብ 100 የን ነው። ማስታወቂያውን በቴሌቪዥን የሚያይ ሰው ግን ስለ ገንዘብ ብዙም አይሰማም። የሚያየው አንድ የታወቀ ተዋናይ፣ አረንጓዴ ሜዳና የሚጋልብ ፈረስ ነው። ከሥሩ ዘፈን ይሄዳል። ሥራውን የሚሠራው ዘፈኑ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ማስታወቂያውን የሚያሠራው ጄአርኤ የሚባለው የጃፓን የፈረስ ውድድር ድርጅት ነው። የተቋቋመው በ1954 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፤ ባለቤቱ መንግሥት ነው። 10 ሜዳዎችን ያስተዳድራል። ከውርርዱ ሽያጭ 10 በመቶው ወደ መንግሥት ካዝና ይገባል። ስለዚህ የሕዝብ ፊት ያስፈልገዋል። ድሮ የፈረስ ተወራራጅ ሲባል የሚታሰበው ጆሮው ላይ ቀይ እርሳስ የሰካ፣ ሲጋራ የሚያጨስ፣ ጋዜጣ ላይ ያፈጠጠ ጎልማሳ ነበር። ጄአርኤ የሚለው አጭር ስም ራሱ ሥራ ላይ የዋለው በ1987 ነው፤ ያን ምስል የመቀየሩ ዘመቻ አካል ነበር። ወጣቶችና ሴቶች እንዲመጡ ተፈለገ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ኪሙራ ታኩያን የመሰለ የዘመኑ ኮከብ ማስታወቂያው ላይ ታየ። በ1997 የዓመቱ ሽያጭ 4 ትሪሊዮን የን ደረሰ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ወረደ። ማስታወቂያ ሁሉን አይችልም መቼስ።

ዘፈኑ ግን ከማስታወቂያው በፊት ነበር። በ1970 ሶልቲ ሹገር የተባለ የተማሪዎች ቡድን «ሩጥ ኮታሮ» የሚል የቀልድ ዘፈን አወጣ። ኮታሮ የፈረስ ስም ይመስላል፤ እውነቱ ግን የቡድኑ አባል ስም ነው። ልምምድ ላይ ሁሌ ስለሚያረፍድ ጓደኞቹ ዘፈን አወጡለት። ዘፈኑ ውስጥ ግን ኮታሮ ፈረስ ነው፤ ውድድሩ ሲጀመር ወደ ኋላ ይቀራል። ከዚያ ተአምር ይሆንና ሁሉንም አልፎ ከፊት ይወጣል፤ እግረ መንገዱንም ጋላቢውን መሬት ላይ ይጥለዋል። መሀል ላይ የውድድር ዘጋቢ ያወራል። የቶኪዮውን ገዥ ሚኖቤ ሪዮኪቺን አነጋገር ማስመሰልም አለበት። ሚኖቤ ያኔ ከተማው ከቁማር ገቢ መሰብሰቡን ያቁም ብለው አገር ያነጋገሩ ሰው ነበሩ። ዘፈኑ በዚያው ዓመት በጃፓን ትልቁ የሙዚቃ ሽልማት ላይ የአዲስ ድምፃውያንን ሽልማት ወሰደ። አስቡት፤ ስለ ቁማር የሚቀልድ ዘፈን ሕፃናት ሳይቀሩ የሚያዜሙት ሆነ።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው የሃይሴኮ ታሪክ ነው። ሃይሴኮ ኦይ ከተባለው ከጄአርኤ ውጭ ካለ ሜዳ የመጣ ፈረስ ነበር። እዚያ 6 ጊዜ ሮጦ 6ቱንም አሸነፈ። በ1973 ወደ ትልቁ መድረክ ሲዛወር አገሩ አበደ። የክፍለ ሀገር ልጅ ዋና ከተማ ገብቶ ባለሀብቶቹን ሲረታ የማየት ዓይነት ስሜት ነበር። አድራሻው ላይ «ቶኪዮ፣ ለሃይሴኮ» ብቻ የተጻፈበት ደብዳቤ ሳይቀር ይደርሰው ነበር ይባላል። ደርቢ በሚባለው በ3 ዓመት ፈረሶች ታላቅ ውድድር ላይ ግን ሦስተኛ ወጣ። ታኬ ሆፕ የሚባል ፈረስ ቀደመው፤ በኋላም በአፍንጫ ልዩነት ደገመው። የመጨረሻ ውድድሩ አሪማ ኪነን የሚባለው የ1974ቱ የዓመት መጨረሻ ታላቅ ውድድር ነበር። እዚያም ሁለተኛ ወጣ።

ሊሰናበት ሲል ዘፈን ወጣለት፤ «ደህና ሁን ሃይሴኮ» ይላል። የዘፈነው ባለሙያ ድምፃዊ አልነበረም። ጋላቢው ማሱዛዋ ሱዌዎ ራሱ ነው። ድምፁ ጉድ የሚያሰኝ አይደለም፤ እንደተቀመጠ የሚተርክ ሰው ይመስላል። ሸክላው ግን በጥር 1975 በመቶ ሺዎች ተሸጠ። ያሸነፈ ፈረስን ማን አይዘፍንለትም? ሃይሴኮ የተዘፈነለት ግን ከድሉ ይልቅ ስለ ተወደደ ነው። ከ4 ዓመት በኋላ ልጁ ካትሱራኖ ሃይሴኮ አባቱ ያጣውን ደርቢ አሸነፈ። ማሱዛዋም በ1986 በ48 ዓመቱ ደርቢውን ወሰደ፤ ያውም በሌላ ፈረስ።

በ1990 ደግሞ ዘፋኙ ሕዝቡ ሆነ። የዚያ ዓመት ደርቢ ቀን ቶኪዮ ሜዳ 196,517 ሰው ገባ። ውድድሩ ሲያልቅ ያ ሁሉ ሰው የአሸናፊውን ጋላቢ የናካኖን ስም በአንድ ድምፅ ይጠራ ጀመር። ከዚያ በፊት ተወራራጅ የሚጮኸው በየግሉ ነበር፤ ለገንዘቡ። በታኅሣሥ ኦጉሪ ካፕ የተባለው ዝነኛ ፈረስ የመሰናበቻ ውድድሩን በናካያማ ሜዳ ሲያሸንፍ 177,779 ሰው ነበር። ሁሉም «ኦጉሪ! ኦጉሪ!» አለ። ጋላቢው ታኬ ዩታካ ገና 21 ዓመቱ ነበር።

የፈረሱ ባለቤት ራሱ የዘፈነበት ጊዜም አለ። ኪታጂማ ሳቡሮ የኤንካ (የጃፓን የትካዜ ዘፈን ስልት) ንጉሥ የሚባሉ አንጋፋ ድምፃዊ ናቸው። ለአሥርተ ዓመታት ፈረስ ሲያሳድጉ ከትልልቆቹ ውድድሮች አንዱ እንኳ አልቀናቸውም። በ2015 ፈረሳቸው ኪታሳን ብላክ ኪዮቶ ላይ ኪኩካ ሾ የሚባለውን ትልቅ ውድድር አሸነፈላቸው። በ79 ዓመታቸው ማይክ ይዘው፣ ሜዳው ላይ ቆመው «ማትሱሪ» የሚለውን ዝነኛ ዘፈናቸውን ለተሰበሰበው ሕዝብ ዘፈኑ። ትርጉሙ በዓል ማለት ነው። ፈረሱ በ2017 አሪማ ኪነንን አሸንፎ ሲሰናበት ናካያማ ላይ ደግመው ዘፈኑት። ይሄን የትኛውም የማስታወቂያ ድርጅት ሊያዘጋጀው አይችልም።

ዛሬ ወጣቱን የሚስበው ኡማ ሙሱሜ የተባለው ጨዋታ ነው። በ2021 ወጣ። የእውነተኛ ፈረሶችን ስም የያዙ ልጃገረዶች ይሮጣሉ፤ ያሸነፈችው መድረክ ላይ ወጥታ ትዘፍናለች። ኦጉሪ ካፕም አለች። 113 ጊዜ ሮጣ አንድም ያላሸነፈችው የኮቺ ሜዳዋ ሃሩ ኡራራም አለች።

ሜዳ ላይ እስከ ዛሬ ያልተነካው ሙዚቃ ግን የጥሩምባው ጥሪ ነው። ትልቅ ውድድር ከመጀመሩ በፊት ይነፋል። በቶኪዮና በናካያማ የሚሰማውን የደረሰው ሱጊያማ ኮይቺ ነው፤ የድራጎን ኩዌስት ጨዋታ ሙዚቃ ደራሲ። በኪዮቶና በሀንሺን የሚነፋው ደግሞ የሚያጋዋ ሂሮሺ ነው። ለታላላቆቹ ቀናት የጦር ሠራዊት ማርሽ ባንድ መጥቶ በቀጥታ ይጫወታል። ሕዝቡ ጋዜጣውን ጠቅልሎ መዳፉን እየመታ ምቱን ይከተላል፤ መሀል መሀል ላይ «ኦይ!» ይላል። በ2020 በኮሮና ጊዜ ግን ጥሩምባው ባዶ ወንበር ላይ ነው የተነፋው። የደርቢው አሸናፊ ፉኩናጋ ዩዊቺ ማንም ለሌለበት መቀመጫ ኮፍያውን አውልቆ እጅ ነሣ።

ፈረሶቹ ግን ይሄን ሁሉ ጩኸት አይወዱትም። ይደነግጣሉ። ስለዚህ አንዳንዶቹ ጆሯቸው በጨርቅ ተሸፍኖ ነው ወደ መነሻው የሚሄዱት።